ማንም ያልጠየቀኝ ኮምፓይለር

ሰነፍ ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሥራ እወዳለሁ፤ የማልወደው የሚፈለገውን ሥራ ነው። ደመወዝ የምበላበትን ፕሮግራም ለነገ እያልኩ ሌሊቱን የማነጋው ጂሲሲ የተባለውን ኮምፓይለር (ፕሮግራም ተርጓሚ) ከነሊንከሩ ዶስ በተባለው አሮጌ ሥርዓተ ክወና ላይ ለማስኬድ ስዳክር ነው። ዛሬ በዶስ የሚሠራ ማን አለ? የሚጥመኝም ይኸው ነው፤ ተጠቃሚ ከሌለ ቅሬታ አይመጣም፣ ቅሬታ ካልመጣ ደግሞ ጉብዝናዬ ሳይነካ ይኖራል።

ለሰው የማወራው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዲጄ ዴሎሪ የተባለ ሰው ጂሲሲ ወደ ዶስ ይመጣ እንደሆነ የጂሲሲን ደራሲ ሪቻርድ ስቶልማንን ቢጠይቀው፣ ኮምፓይለሩ ግዙፍ፣ ዶስም ባለ 32 ቢት ስላልሆነ አይሆንም ተባለ። ሰውዬው እልህ ይዞት አደረገው። ዲጄጂፒፒ ተወለደ፤ በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለው ጨዋታ የዶስ ፕሮግራሙ በዚሁ ነው የተሠራው። ይህን ስተርክ የሰማኝ ሁሉ እኔ የሠራሁት ይመስለዋል፤ እኔም አላርምም።

የራሴ ጀብዱ ይኸውላችሁ። የተተረጎሙትን ቁርጥራጮች የሚያገጣጥመው ሊንከር ኦብጀክት ፋይሎቹን አንብቦ ሳይጨርስ «ፋይሉ ጎደሎ ነው» ይለኛል። ጥፋቱ የሊንከሩ ጸሐፊዎች መሆኑን ለመወሰን አንድ ስኒ ቡና አልፈጀብኝም፤ ምክር የበዛበት ረጅም ደብዳቤም ላክሁላቸው። ለካ ዶስ ላይ አንድ ፋይል እንደ ጽሑፍ ከተከፈተ፣ ቁጥሩ 26 የሆነ ባይት ሲያጋጥም ንባቡ «አለቀ» ተብሎ ይቆማል። ዩኒክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ላይ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። እኔ በጨመርኩት መስመር ፋይሉ የሚከፈተው «አር»፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ፣ ተብሎ ነበር፤ «አርቢ» መባል ነበረበት። ጸሐፊዎቹ ይህቺን አንዲት ፊደል በትሕትና ቢጠቁሙኝ «ልፈትናችሁ ብዬ ነው» አልኳቸው። የፋይል ስም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ አይለፍ ስለሚባል ያሳጠርኳቸው ስሞችማ ዛሬ ለራሴም አይገቡኝም።

በቅርቡ ጉድ መጣ። የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለው ወዳጄ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ የመቁረጫ ማሽኔ እስካሁን በዶስ ነው የሚሄደው። ያቺን ኮምፓይለርህን ስጠኝና ፕሮግራሙን ላስተካክልበት» አይለኝም! ላብ አጠመቀኝ። ኮምፒውተሬ ተቃጥሏል አልኩት፤ የማወራው ግን በዚያው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳም። አሁን ዓይኔን የጣልኩት በአይቢኤሙ ሥርዓተ ክወና በኦኤስ/2 ላይ ነው፤ እሱን የሚጠቀም ዘመድም ወዳጅም እንደሌለኝ አስቀድሜ አጣርቻለሁ።