ዕጩን አበላሽቶ የመምረጥ መመሪያ

አንድ ፓርቲ ለአገር መሪነት የሚያቀርበውን ሰው ምርጫ ማበላሸት ከፈለገ መንገዱ ሩቅ አይደለም። አራት ነገር ይበቃዋል።

አንደኛ፣ በሩን ይዝጋ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የመልቀቂያ ጥያቄ ሲያቀርቡ፣ ተተኪያቸውን የመምረጡ ሥራ በወቅቱ ገዥ ግንባር በነበረው በኢሕአዴግ ምክር ቤት እጅ ወደቀ። አራቱ እህት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 45፣ በድምሩ 180 ወንበር ነበራቸው። ስብሰባው ዝግ ነበር። መጋቢት 18 ውጤቱ ተነገረ፦ ዶክተር ዐቢይ አህመድ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ። አገሪቱ በነውጥ ውስጥ ነበረች፤ ሦስቱ ሰዎች ነውጡን እንዴት ሊያበርዱ እንዳሰቡ ፊት ለፊት ሲከራከሩ ግን ሕዝቡ አላየም። ቁጥሩን ሰማ፣ ምክንያቱን አልሰማም።

ሁለተኛ፣ አንድ ስም ብቻ ያቅርብ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚመርጠው ደግሞ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ አቶ ታዬ አጽቀሥላሴ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው ዕለት ዕጩ ሆነው ቀርበው፣ ተመርጠው፣ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሁለቱም በዲፕሎማሲ የበሰሉ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄው በእነሱ ብቃት ላይ አይደለም። ተፎካካሪና የመጠየቂያ ጊዜ በሌለበት ግን ከሌሎች ለምን እንደተሻሉ ማን ሊያውቅ ይችላል?

ሦስተኛ፣ መራጩን በመጨረሻ ያስታውሰው። የአዲስ አበባው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነዋሪ የብሎኩን ኮሚቴ ሲመርጥ ስም ይጠቆማል፣ ድጋፍና ተቃውሞ ይሰማል፣ እጅ ይቆጠራል። ያው ነዋሪ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የመራጭነት ካርዱን ይዞ ሲሰለፍ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያገኘው ሌሎች መርጠው የጨረሱትን ስም ነው። ለደረጃ መብራትና ለውሃ ታንከር ተጠሪ ሲመረጥ የሚከበር ሰው ለአገር መሪ ሲሆን የሚናቅበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ ከሽንፈት አይማር። የጋናው ፓርቲ ኤንፒፒ ይህን ምክር ሳይቀበል ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2007፣ 17 ተፎካካሪዎች ቀርበውለት ዕጩውን የመረጡት 2,300 ገደማ ተወካዮች ነበሩ። በ2008ቱ ምርጫ ሲሸነፍ ደንቡን ቀየረ፤ በ2010 ዕጩውን ለመምረጥ ከ100,000 በላይ አባላት መብት አገኙ። ፓርቲው በ2012ም ተሸንፏል፣ በ2016 ግን አሸንፏል። ሰፊው ምርጫ ድልን ዋስትና አልሰጠውም፤ ዕጩውን ግን የጥቂቶች ንብረት ከመሆን አወጣው።

እዚህም ጅምር አለ። በ2014 ዓ.ም. በኢዜማ ጉባኤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዱዓለም አራጌ ለፓርቲው መሪነት ተወዳድረዋል። ትልቁም ትንሹም ፓርቲ ከዚህ አልፎ መሄድ አለበት፦ ከአንድ በላይ ዕጩ ያቅርብ፣ ክርክሩን በአደባባይ ያድርግ፣ በየወረዳው ያለ አባል በምስጢር ድምፅ ይስጥ፣ ቆጠራውም ይታተም።

የሰሚት መራጭም ዝም ማለት የለበትም። ድምፅ ሊለምን በሩን ለሚያንኳኳ ዕጩ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ እርስዎን ለዚህ ቦታ ማን መረጠዎት? ማንንስ፣ በስንት ድምፅ አሸነፉ?