ለውጡን ሳያዩ ሪፖርት ማድረግ

የሴቶች የትምህርትና የአመራር ስልጠና ምን እንዳመጣ ማወቅ ካልፈለጉ በአቴንዳንሱ ይጀምሩ። ስንት ሴት ፈረመች? ስንት ሰርተፊኬት ታደለ? ይደምሩትና «የበቁ ሴቶች» የሚል ርዕስ ይስጡት።

ከስልጠናው በፊት ምንም አይለኩ። መጠይቁን በመጨረሻው ቀን፣ አበል ሳይከፈል ይበትኑ። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌያለሁ። ልጅ ያዘለች እናት ፊደል ስላልቆጠረች ጥያቄውን እያነበብኩላት ነበር። ልጇን እሹሩሩ እያለች፣ «ለእናንተ የቱ ይሻላል?» አለችኝ። «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አደረግኩላት። ያቺ ምልክት እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

ቤቷ ድረስ አይሂዱ። የግድ ከሆነ ባሏና የቀበሌው ሊቀመንበር በተቀመጡበት «በቤትሽ ጉዳይ ትወስኛለሽ?» ብለው ይጠይቋት። የቁጠባ ማኅበር ሰብሳቢ ሆና ከተመረጠች «ወደ አመራር የመጣች» ብለው ይመዝግቧት፤ የሳጥኑ ቁልፍ በማን ኪስ እንደሚያድር አይጠይቁ። ስብሰባ ላይ የተናገረችው ቃለ ጉባኤ ውስጥ መግባቱን፣ እሷ ስብሰባ ስትውል ውሃ የምትቀዳው ሴት ልጇ ከትምህርት መቅረት አለመቅረቷን አይዩ።

ከሁሉም በላይ፣ ፕሮግራሙ ያልደረሰበትን መንደር አይለኩ። ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም ግን ለካ። በአማራ ክልል፣ ሞሰቦ በተባለ የገጠር መንደር፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ልጃገረዶችን በቡድን አሰባስቦ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥቶ፣ ከወላጆች ጋር ስለ ጋብቻ ተነጋግሮ ሲያበቃ ውጤቱን ከሌላ መንደር ጋር አስተያየ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ያገቡትም ከሌላው መንደር እጅግ ያነሱ ነበሩ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ አግብቶ የመገኘት ዕድላቸው ከሌላው መንደር ልጆች በልጦ ተገኘ። አጥኚዎቹ ይህንንም ሳይደብቁ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙት። እኔ ከዚያ ጥናት ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህንኑ ነው።

እርስዎ የታናናሾቹን ቁጥር ብቻ ይያዙ። የታላላቆቹን ከሠንጠረዡ ያውጡት። ያን ጊዜ በ16 ዓመቷ የተዳረችውን ልጅ ማንም አይፈልጋትም፤ በቀጣዩ ዓመት በጀትም ለእሷ የሚያዝ ነገር አይኖርም።