አያ ጅቦ ፈቃድ ሲያወጣ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ባህር ዛፍ ያልደረሰበት፣ ጥድና ወይራ የበዛበት ሸለቆ ውስጥ እንስሳት በጉርብትና የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ድኩላ ቁጥቋጦው ውስጥ ግልገሏን ታጠባለች። አህያ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ እህል ይጭናል። አውራ ዶሮ ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ከመንገዱ ዳር ደግሞ የእማማ ጅግራ ጠላ ቤት አለ። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ ጠላው ደርሷል ማለት ነው፤ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም።

እዚህ ጠላ ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። እማማ ጅግራ ብቅሉን ራሳቸው ያበቅላሉ፣ ጌሾውን ራሳቸው ይወቅጣሉ፣ እንስራውን በወይራ ራሳቸው ያጥናሉ። ጠጪዎቹ የሚቀመጡበትን መደብና ጫጩቶቻቸው የሚተኙበትን ጥግ የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «ዝም በል፣ ልጆቼ ተኝተዋል» ይሉታል። ሌላው ጠጥቶ ጠጥቶ አሁንም ጣሳውን ሲዘረጋ «ይበቃሃል፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች» ብለው ያስወጡታል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤቱ እህል እንዳለና እንደሌለ ያውቃሉ። ጠጪውም ይታዘዛል፤ ነገ በእርሳቸው ደጅ ማለፉ አይቀርማ።

አያ ጅቦ የሚኖረው ከገደሉ ማዶ ነው። አንድ ቀን ከድኩላ ቁጥቋጦ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ተከራየና መጠጥ ቤት ልክፈት አለ። ጠጅ በብርሌ፣ ቢራ በጠርሙስ፣ አረቄ በመለኪያ፣ ሙዚቃ ደግሞ በትልቅ ድምፅ ማጉያ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ይህን በሐቅ መናገር ይገባል። የሸለቆው ወጣቶች ማምሻቸውን የሚቀመጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ሥራ ፈትተው ይንከራተቱ የነበሩ ጦጣዎች በአስተናጋጅነት ሊቀጠሩ ነው። ጨለማ የነበረው መንገድም መብራት ሊያገኝ ነው። መጠጥ ቤት በተነሳ ቁጥር ስለ አዛውንት እንቅልፍ ብቻ አውርቶ የወጣቱን ምሽት መርሳት ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። ወጣቱም የሰፈሩ ነዋሪ ነው።

ፈቃድ የሚሰጡት አቶ ጉሬዛ ናቸው። ነጭ ካባቸውን በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የሚሄዱ፣ ጉቦ የማይቀበሉ፣ ወረቀት የማያዛንፉ ሹም ነበሩ። የሚተኙት ከሸለቆው ላይኛ ጫፍ ባለ ትልቅ ዝግባ ላይ ነው። አያ ጅቦ ማመልከቻውን ሲያስገባ ቅጹን አውጥተው ጠየቁት። የኪራይ ውል አለህ? አለኝ። የግብር ከፋይ ቁጥር? ይኸው። መጸዳጃ ቤት? ሁለት። የእሳት ማጥፊያ? ግድግዳው ላይ። ከዚያ ቦታውን ለማየት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መጡ። ወለሉ ተጠርጓል፣ ብርሌዎቹ ተደርድረዋል፣ ድምፅ ማጉያው ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። አቶ ጉሬዛ ጆሯቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ። ከንብ ድምፅ በቀር ምንም የለም። «ሁሉም ተሟልቷል» አሉና ማኅተሙን መቱ።

የወጣው ፈቃድ የቀን ፈቃድ ነው፤ ንግዱ ግን የሌሊት ነው። በቅጹ ላይ የነበረው ጥያቄ በሙሉ ስለ ቤቱ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚተኛ የሚጠይቅ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

መጠጥ ቤቱ በተከፈተ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሰፈሩ ሰዓት ተዛባ። መጀመሪያ የተጎዳው አውራ ዶሮ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ከበሮው ደረቱን ሲደበድበው ያድርና ሲነጋጋ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲነቃ ፀሐይ ወጥታለች። እርሱ አርፍዶ ሲጮህ አህያ አርፍዶ ይነሳል፤ አህያ ሲያረፍድ እህሉ ገበያ ሳይደርስ ይቀራል፤ እማማ ጅግራም የሚያበቅሉት ገብስ ያጣሉ። ድኩላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠማት። ጠጥተው የሚወጡት ቁጥቋጦዋን እንደ ሽንት ቤት ቆጠሩት፤ ሁለቱ መጸዳጃ ቤቶች ውስጥ ሆነው በሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይቆለፍ ነበር። ግልገሏ ድንገት በፈነዳ ሳቅ ስትበረግግ፣ እንደገና ስታስተኛት፣ እንደገና ስትበረግግ ይነጋል። ወተቷም ቀነሰ።

ሰፈርተኛው አያ ጅቦን ለማነጋገር ሄደ። «ሕጋዊ ፈቃድ አለኝ» አለና ከግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለውን ወረቀት አሳያቸው። «ደግሞስ ይህን ወሬ የምታወራው ጅግራ አይደለችም? ገበያዋ ስለቀዘቀዘ ነው። ቅናት ነው።» ብዙዎቹ ይህን ሰምተው አንገታቸውን ደፉ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የጎረቤት ስሞታ ቅናት ተብሎ ከተሰየመ በኋላ ማንም ደግሞ አፉን ሊከፍት አይወድም።

በመጨረሻ ዋርካው ሥር ስብሰባ ተጠራ፤ አቶ ጉሬዛም መጡ። ድኩላ ተናገረች። አህያ ተናገረ። አንድ ወጣት ሚዳቋም ተነስቶ «ይህ ቤት ከተዘጋ እኛ የት እንሄዳለን?» አለ፤ ንግግሩ በጭብጨባ ታጀበ። ከዚያ አባባ ኤሊ ከወንዙ ወዲያ እየተጎተቱ ደርሰው እጃቸውን አነሱ።

«እርስዎ አይመለከትዎትም» አሉ አቶ ጉሬዛ በትሕትና። «ቤትዎ ከወንዝ ማዶ ነው። ድምፁ አይደርስዎትም፤ ጉዳት ያልደረሰበት ደግሞ ከሳሽ ሊሆን አይችልም።»

«ልጄ፣ የሸለቆው ሕግ እንዲያ አይልም» አሉ አባባ ኤሊ። «አካባቢን የሚጎዳ ነገር ያየ ማንም ይሁን ማን፣ በራሴ ላይ ጉዳት ደርሷል ማለት ሳያስፈልገው አቤት ሊል ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጣችሁኝ፣ ወይም የሰጣችሁት ውሳኔ ካላረካኝ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። እኔ ቀርፋፋ ነኝ፤ 60 ቀን ግን ይበቃኛል።»

የኤሊውን ሕግ ከተረቱ ጋር አልፈጠርኩትም። የአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይህንኑ መብትና ይህንኑ የቀን ገደብ በግልጽ ያስቀምጣል። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ደረጃም በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ምግብና መድኃኒትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ እያለ ስንት እናት ሌሊቱን ሙሉ ትራስ በጆሮዋ ላይ ጭና የምታድረው፣ አቤት የማለት መብቷን የነገራት ስለሌለ ነው።

አቶ ጉሬዛ መዝገባቸውን ገልጠው ሕጉን አገኙት። ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዲያው ቦታውን እንደገና ላየው ይገባል» አሉ።

«በስንት ሰዓት ይመጣሉ?» አሉ እማማ ጅግራ።

«እንደ ተለመደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት።»

«ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይምጡ» አሉ እማማ ጅግራ። «ከድኩላ ቤት ይደሩ። እኔ ቤቱ ይዘጋ አላልኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉ መጠጥ ስሸጥ የኖርኩ ሴት መጠጥ ቤት ይዘጋ ብል ማን ይሰማኛል? የእኔን ልጆች ያሳደገው ጠላ ነው። እኔ የምለው፣ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን ነገር ድምፅ ራሱ ይስማው ነው።»

አቶ ጉሬዛ አደሩ። ያን ሌሊት ያወካቸው ሙዚቃው ብቻ አልነበረም። ሙዚቃው ሲቆም ሌላ ነገር ይጀምራል፤ ሂሳብ አልከፈልክም የሚል ጠብ፣ በድንጋይ ላይ የሚሰበር ጠርሙስ፣ ተሰነባብተው የማይለያዩ ሁለት ሰካራሞች፣ ከቁጥቋጦው ሥር የሚያስመልስ አንድ ለጋ ወይፈን፤ ቀንዱ ገና አልበቀለም። አቶ ጉሬዛ ወጥተው ያን ወይፈን ውሃ አጠጡት፤ ቤቱ ድረስም ሸኙት። ሲነጋ ነጭ ካባቸው ጭቃ ነክቶት ነበር።

በማግስቱ አያ ጅቦን አስጠርተው ፈቃዱ ይቀጥላል፣ ግን በውል ነው አሉት። ድምፅ ማጉያው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይቀነሳል። በሩ ከቁጥቋጦው ወደ ገደሉ ይዞራል። መጸዳጃ ቤቱ የመጨረሻው ጠጪ እስኪወጣ አይቆለፍም። ቀንዱ ያልበቀለ አይገባም። አያ ጅቦ ለእያንዳንዱ «እሺ ጌታዬ» አለ።

«የመጨረሻው፣ ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ቤተሰብ ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ያድራል።»

አያ ጅቦ እዚህ ላይ ቆም አለ። «ጌታዬ፣ እዚያማ እንዴት ይታደራል? እኔ ልጆች አሉኝ፣ እንቅልፍ...» ብሎ ጀመረና ዝም አለ። ዋርካው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ሰማው። አቶ ጉሬዛም ብዕራቸውን አንስተው ጻፉት።

አያ ጅቦ ብልጠት አላነሰውም። «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ይዞ ሄደና አሮጊት እናቱን ከማዶ አምጥቶ በጀርባው ክፍል አስቀመጣቸው። ጆሯቸው ደክሟል፣ አይሰሙም ብሎ ነው። አልጋ ዘረጋላቸው፣ ጋቢ ገዛላቸው፣ ሌሎቹን ውሎች ግን አንድ በአንድ ረሳቸው። ድምፅ ማጉያው እንደ ድሮው ቀጠለ።

ነገር ግን በጅብ ወገን የቤቱ አዛዥ ሴቷ ናት፤ ወንዱ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ከእናቱ በታች ነው። ይህን የጅብን ኑሮ ያጠኑ ሁሉ ይመሰክሩታል፤ አያ ጅቦ ግን ዘንግቶታል። እመይቴ ጅብ የመጀመሪያውን ሌሊት ታገሡ። ሁለተኛውን ሌሊት ግድግዳውን በምርኩዛቸው ደበደቡ፤ የሰማቸው የለም። በሦስተኛው ሌሊት ጋቢያቸውን ተከናንበው በጓሮ በር ወጡ። ጨለማ ውስጥ እያዘገሙ ድኩላ ዘንድ ደረሱና ደጇን አንኳኩ። ግልገሏ ነቅታ ነበር። ሁለቱ እናቶች እስኪነጋ ድረስ ቁጭ ብለው ምን እንደተባባሉ እኔ አላውቅም።

ጠዋት የአቶ ጉሬዛ ቢሮ ሲከፈት እመይቴ ጅብ ደጁ ላይ ቆመው ነበር፤ ድኩላ ክንዳቸውን ይዛቸዋለች።

«አቤቱታ አለኝ» አሉ።

አቶ ጉሬዛ ወንበር አቀረቡላቸውና መዝገቡን ገለጡ። «በማን ላይ ነው?»

«በመጠጥ ቤቱ ባለቤት ላይ።»

«የአመልካች ስም ማን ልበል?»

«እናቱ ብለህ ጻፍ» አሉ እመይቴ ጅብ። «አድራሻዬን ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ በል።»