የኃላፊን ሐሜት አድማጮች ለመታደግ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! (ይህ ትእዛዝ የሚሠራው ለዚህ አዋጅ ብቻ ነው፤ ከኃላፊው ቢሮ የሰማኸውን ለማንም አታሰማ።)

“ግባና በሩን ዝጋው” ሲባል የተጠራነው ለሥራ ይሁን የሰው ሥጋ ለመብላት መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ፤

ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩም ሸማኔውም በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አውጀው ሳለ፣ ዛሬም የሒሳብ ሠራተኛዋ ፍቺ በሩብ ዓመት ዕቅድ ግምገማ መሐል የሚነሳ በመሆኑ፤

የሳቀ ተባባሪ፣ ያልሳቀ ተጠርጣሪ፣ ዝም ያለ ደግሞ የነገ ርዕስ የሚሆንበት አሠራር ሠራተኛውን መፈናፈኛ ስላሳጣው፤

የሻይ ክበቡ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ወንበር ጠፍቶ ግማሹ እንደቆመ፣ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ “ኃላፊ” ማለት የአፈጻጸም ምዘናህን የሚሞላ፣ የዓመት ፈቃድህን የሚፈርም፣ ስለዚህም ቀልዱ ሁልጊዜ የሚያስቅ ሰው ነው። በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ይጨምራል፤ በዚህ ረገድ እኩልነት ሙሉ በሙሉ መረጋገጡን ጉባኤው በሐዘን ተመልክቷል።

“ሐሜት” ማለት በቦታው በሌለ ሠራተኛ ትዳር፣ ሕመም፣ ብድር ወይም አለባበስ ላይ የሚሰጥ ማብራሪያ ነው። “እኔ ሰው ማማት አልወድም እንጂ…” ብሎ የሚጀምር ማናቸውም ንግግር፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ፣ ሐሜት ነው ተብሎ ይገመታል። “ሪፖርት አዘገየ” ማለት ግን ሐሜት አይደለም፤ የሚነገረው ለራሱ ላዘገየው ከሆነ።

አንቀጽ 2፦ የአድማጭ ግዴታዎች

ኃላፊው “የንብረት ክፍሉ ልጅ ለምን የሕመም ፈቃድ እንደወሰደ ታውቃለህ? የሐኪም ወረቀቱን አይቼዋለሁ” ቢል፣ “እውነት?”፣ “በሞትኩት!” ወይም “ወይ ጉድ!” ብሎ መመለስ ክልክል ነው። እነዚህ ቃላት ለወሬው ቤንዚን ናቸው።

የተፈቀደው “እግዚአብሔር ይማረው። የጠሩኝ ለደብዳቤው ነበር?” ማለት ነው። ሐሜቱ ድንገት ጸሎት ሲሆን ለመቀጠል ይከብዳል። ካልከበደ፣ “ኦዲተሮቹ የመጡ ጊዜ እስከ ማታ አብሮኝ የቆየው እሱ ነው” በማለት የሌለውን ሰው በጎነት መመስከር ይገባል፤ እውነት ከሆነ ብቻ፤ የምስክርነት ቃል በዚህ አዋጅም ቢሆን አይፈጠርም። ይህም አልበቃ ካለ፣ ፋይል ታቅፎ በመቆም “እሱ በሌለበት ባንነጋገር ደስ ይለኛል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” ይባላል። ለታላቅ መልስ መስጠት ነውር ነው የሚል ቢነሳ፣ መጀመሪያ ነውሩን ማን እንዳመጣው ይጣራ።

ከቢሮ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ታሚው መሮጥ፣ “ላንተ ብዬ ነው እንጂ…” ማለት፣ ወዳጅነት ሳይሆን ማከፋፈል ነው። ሆኖም የተሰማው ከግል ማኅደር የተቀዳ የጤና መረጃ ወይም እንጀራ የሚያሳጣ ክስ ከሆነ፣ ሰሚው ቀኑንና የተባለውን ቃል እንደተባለ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱም ወሬውን ሳይሆን መረጃው መውጣቱን ማወቅ አለበት። ለሰው ሀብት ክፍል ማመልከትም ይቻላል፤ የመረጃው መውጫ ራሱ ሰው ሀብት ካልሆነ።

አንቀጽ 3፦ ፈገግታ

ከግማሽ ከንፈር አይለፍ።

አንቀጽ 4፦ ተፈጻሚነታቸው የሚቀጥል ሕጎች

ይህ አዋጅ ፌዝ ነው፤ የሚከተሉት ግን አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 ደግሞ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ንግግር ክብሩን ወይም የወደፊት ዕድሉን ሲጎዳ ስም ማጥፋት ይለዋል። ሁለቱም በኃላፊው መደርደሪያ ላይ፣ ከካሌንደሩ ጀርባ ይገኛሉ።

አንቀጽ 5፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

እስከ ዛሬ የሳቁ ሁሉ ምሕረት ተደርጎላቸዋል። “እኔማ ስቄ አላውቅም” የሚሉት ጉዳይ ይጣራል።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ማን እንዳረቀቀው በር ዘግቶ ማጠያየቅ በአንቀጽ 1 መሠረት ሐሜት ነው።