ለ«አጥፍተህ አብራው» የቀረበ ውዳሴ

ማንም ቢሆን በዚህ አገር ባለሙያ ጠፋ ብሎ እንዳይሟገተኝ። የተጠራጠረ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ቡና የተፈላበት ቤት ገብቶ ይቀመጥና፣ ስልክ ላይ የተከፈተው ዘፈን በዋይፋይ በሚሠራው ስፒከር አልወጣም የሚልበትን ሰዓት ይጠብቅ። ዘፈኑ በተቋረጠ በደቂቃ ውስጥ ቤቱ በሊቅ ይሞላል። አባወራው «ኔትወርኩ ነው» ይላሉ። ባለቤታቸው «ልጆቹ ጌም እያወረዱበት ነው» ይላሉ። ለቡና የተጠራችው ጎረቤት «የእኛም ዛሬ እንዲሁ ሲያደርገው ነው የዋለው» ብላ ምስክርነቷን ትሰጣለች፤ የእሷ ቤት ስፒከር ባይኖርም ምስክር ምስክር ነው። ውሳኔውም ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ ይጸድቃል፦ አጥፍተህ አብራው!

ይህን ጥበብ የሚያናንቁ አሉ። እኔ ግን ላወድሰው ተነስቻለሁ። ትልቁ ጸጋው ምርመራ አለመጠየቁ ነው። የድሮ መርፌ ወጊ ለወባውም ለወገቡም ያችኑ አንድ መርፌ ይወጋ እንደነበረው፣ እኛም ለማንኛውም ደዌ ያችኑ አንድ ቁልፍ እንጫናለን። በሽታው የት እንዳለ መጠየቅ ድፍረት ነው፤ ለታማሚውም ክብር አይሆንም።

ታማሚው ራውተር በብዙ ቤት የሚገኘው ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሶ ነው። የሬዲዮ ሞገድ የሚረጭ ዕቃ ከብርጭቆና ከብረት ትሪ መሃል ተቀብሮ፣ ሁለት የኮንክሪት ግድግዳ ጥሶ መኝታ ቤት ያለው ስፒከር ዘንድ እንዲደርስ ይጠበቅበታል። ካልደረሰ ሰነፍ ነው፤ ይጥፋና ይብራ። ከቡፌው አውጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥማ የሳሎኑን ውበት ማበላሸት ነው። ዳንቴሉንስ ቢሆን ማን ደፍሮ ይገፈዋል? እትዬ በእጃቸው የሠሩት ነው።

እምነቱን ያጸናው ደግሞ መድኃኒቱ አንዳንዴ መፈወሱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነውን እንይ። ስፒከሩ በሰከንዶች ይነቃል፤ ራውተሩ ግን እስኪነሳ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ስፒከሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ይጣራል፣ የሚመልስለት የለም። ሲሰለቸው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ያወጣል፤ አንዳንዱ ዕቃ ከዚያ በኋላ በዚያው ሙጭጭ ይላል። ስልኩ በበኩሉ ራውተሩ ሲነሳ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ይቀበላል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም። መፍትሔው ራውተሩ እስኪረጋጋ ታግሶ ስፒከሩን ብቻ ነቅሎ መሰካት ነበር። እኛ ግን ፍትሕ ስለምንወድ ሁለቱንም እኩል እናጠፋለን፣ እኩል እናበራለን፤ ያው ስፒከር ያንኑ ራውተር ድጋሚ ይቀድመዋል። ከብዙ ሙከራ በኋላ በዕድል ራውተሩ የቀደመ ዕለት «አላልኳችሁም?» ይባላል፣ ሃይማኖቱም አንድ ተአምር ይጨምራል።

ይህም አልሆን ካለ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ እንሸጋገራለን፦ ሜጋ ማሳደግ። በጥሩ ጥራት የሚተላለፍ አንድ ዘፈን በሰከንድ 320 ኪሎቢት ይበቃዋል። የሲዲን ጥራት ሳልቀንስ ልምጣ ቢልም 1,411 ኪሎቢት ቢሆን ነው። እንግዲህ ባለ 10 ሜጋው መስመር ባለ 320ውን ዘፈን በአንድ ጊዜ ከ30 በላይ ያዘፍናል፤ ሠርግ ቤት እንኳ ይህን ያህል አይፈልግም። ነገር ግን ዘፈኑ የተቆራረጠው ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ባለው መንገድ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ከቤት እስከ ውጭ ያለውን መንገድ ለማስፋት በየወሩ ተጨማሪ ብር እንከፍላለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ደግሞ ሌላ በረከት አለው። የሁሉም ጎረቤት ዋይፋይ በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ ይንጫጫል። በዚህ ክልል ውስጥ እርስ በርስ የማይረጋገጡ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭም የሚሠራው እዚያው በ2.45 ላይ ነው። ከእናንተ በላይ ያለው ፎቅ ራቱን ሲያሞቅ የእናንተ ዘፈን ቢንተባተብ የመልካም ጉርብትና ምልክት ስለሆነ፣ የራውተሩን ቻናል መቀየር ወይም ስልክና ስፒከሩ ከቻሉ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር ነውር ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ከመርካቶ ሌላ ራውተር መግዛት ነው። አንዱ ያልሠራ እንደሆነ ሁለት ይሆናል፤ ሒሳቡ ግልጽ ነው። አዲሱ ራውተር ተራ አስተላላፊ እንዲሆን ካልታዘዘ ግን የራሱን መንግሥት ያቋቁማል፤ የራሱን አድራሻ ያድላል፣ የራሱን ድንበር ያጥራል። የሙዚቃ አፖች ስፒከር የሚፈልጉት ቤት ውስጥ ጥሪ በመልቀቅ ነው፤ ከተለመዱት አንዱ ወደ 224.0.0.251 የሚላከው ነው። ይህ ጥሪ ከአንድ ራውተር ወደ ሌላው እንዳይሻገር ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ ስልኩ በአሮጌው ግዛት፣ ስፒከሩ በአዲሱ ግዛት ሆነው ሁለቱም ኢንተርኔት አላቸው፤ ሁለቱም ከዓለም ጋር ይነጋገራሉ፤ እርስ በርስ ብቻ አይሰማሙም። ስፒከሩን ለእንግዳ በተለየው ዋይፋይ ላይ ያስገባ ሰውም ያው ነው፦ እንግዳው ውጭ ይውጣ እንጂ ከቤተሰቡ ጋር እንዳያወራ ራውተሩ ይከለክለዋል።

ቪፒኤንን ደግሞ ማን ይጠረጥረዋል? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያው ሲዘጋ ያልጫነው አልነበረም። መንገዱ ከተከፈተ ቆየ፤ እሱ ግን በብዙ ስልክ ላይ እስከዛሬ እንደበራ ነው። ስልኩ የሚልከውን ሁሉ ሰብስቦ ባሕር ማዶ ያሻግርለታል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ የተቀመጠውን ስፒከር በሌላ አህጉር በኩል መፈለግ ትዕግሥት ያስተምራል፤ ቪፒኤኑን ከማጥፋት ይልቅ ራውተሩን መምታት ይሻላል።

ሁሉም ሲያልቅ «ኮምፒውተር የሚያውቀው» የእህት ልጅ ይጠራል።

«ጋሼ፣ ይቺን የራውተሩን ቀዳዳ በመርፌ ጫን ካደረግናት ሁሉም ነገር አዲስ ይሆናል።»

«በል እስቲ፣ ባርከህ ጀምር።»

መርፌው ይገባል፣ መብራቶቹ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፣ ከአንዷ ቀይ በስተቀር። በእርግጥም ሁሉም ነገር አዲስ ሆኗል። የዋይፋዩ ስም የለም፣ የይለፍ ቃሉ የለም፤ መስመሩን ያስገባው ባለሙያ ሞልቶት የሄደው የተጠቃሚ ስም ሳይቀር ተጠርጓል። መጀመሪያ የጎደለው አንድ ስፒከር ነበር፤ አሁን ቤቱ በሙሉ ከዓለም ተቆርጧል። «ይኸው! ኔትወርኩ ነው አላልኩም?» ይላሉ አባወራው፤ ከመነሻው ጀምሮ ልክ የሆኑት ገና አሁን ነው።

የአፕ ሠሪዎቹን ውለታ ብረሳ ግፍ ይሆንብኛል። ስፒከሩ አድራሻ ቢያጣ፣ ቪፒኤኑ ቢበራ፣ የይለፍ ቃሉ ቢሳሳት፣ መስመሩ ቢቋረጥ መልእክታቸው አንድ ነው፦ «የሆነ ችግር ተፈጥሯል፤ ቆየት ብለው ይሞክሩ።» የሆነ ችግር መፈጠሩንማ እኛም ዝምታው ነግሮናል። አፑ የትኛው በር ላይ እንደተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። ሳይነግረን የሚቀረው እንዳንጨነቅ አስቦልን መሆን አለበት።

ፈረንጅም ቢሆን ከዚህ ጥበብ አልተለየም፤ ልዩነቱ ኪሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ዴነን የተባለው የጃፓን ድርጅት ጫፉ እንደ ኔትወርክ ገመድ የሆነ፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገመድ በ499 ዶላር አቅርቦ ነበር። ድምፁ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት የሚያመለክት ቀስት ተስሎበታል፤ ዜሮና አንድ መንገድ እንዳይጠፋቸው ነው። የእኛ ሊቅ ቢያንስ ራውተር የሚያጠፋው በነጻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ፊት ፒንግ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ እጅግ አሰልቺ ነው። ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ በታኅሣሥ 1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሲሆን፣ ሥራው «አለህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ መጠበቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ራውተሩን ትጠይቃለህ፣ ቀጥሎ ስፒከሩን፣ በመጨረሻ ውጭውን ዓለም። መልስ የጠፋበት ቦታ ላይ በሽታው አለ። የስልኩንና የስፒከሩን አድራሻ ጎን ለጎን ማየት እንኳ ግማሹን ነገር ይፈታል፤ በተራ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ ሁለቱ የተለያየ ግቢ ናቸው ማለት ነው። ሥራው ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ያልቃል። ታዲያ ለጎረቤቷ ምን ምስክርነት ይቀራል? ለእህት ልጅስ?

ዋናው ስጋቴ ግን ሌላ ነው። በየቤቱ አንዳንድ ጊዜ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ትኖራለች፤ ሁሉም ሲንጫጫ ቆይቶ «ግን የቱ ጋ ነው የተቆረጠው?» ትላለች። ወላጆች ሆይ፣ ይቺን ልጅ በቀልድ አትዩዋት። ዛሬ ስፒከር ነው ብላችሁ ካለፋችኋት ልማድ ይሆንባታል። ነገ ባንክ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ስትባል «የትኛው ሲስተም? ከመቼ ጀምሮ?» ትላለች። ከነገ ወዲያ ወረዳ ሄዳ «ኔትወርክ ስለሌለ ነገ ተመለሺ» ስትባል፣ የጠፋው ከሕንፃው ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ብላ ትጠይቃለች። እንደ እሷ ያሉ አሥር ሰዎች አንድ ሰልፍ ላይ ቢገጥሙ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሻዩን የሚጠጣው ምስኪን ሠራተኛ ምን ብሎ ይመልስላቸዋል? የእሱ እንጀራ ካሳዘናችሁ ልጅቷን ዛሬውኑ ዝም አሰኟት።