ገደል አለ፣ አሳ የለም

አርባ ምንጭ ላይ ሎጅ ለመክፈት ዋናው ነገር ገደል ነው። አፋፉ ላይ በረንዳ ይሠራል፣ በረንዳው ላይ ወንበር ይደረደራል። ከታች አባያና ጫሞ ተዘርግተው፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ፣ ከማዶ የነጭ ሳር ሜዳ እየታየ እንግዳው አፉን ይከፍታል። አንዴ ከከፈተ በኋላ ምን ይግባበት የሚለው ዝርዝር ጉዳይ ነው። ወጥ ቤቱ በሂደት ይደርሳል።

ዕይታው እንከን የለውም። አባያ ወንዞች በሚያመጡለት ደለል ቀልቶ፣ ጫሞ ከጎኑ ሰማያዊ ሆኖ አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ሰው ድካሙን ይረሳል። ይህን ሁሉ ባለሎጁ አልሠራውም፤ ሒሳቡን ግን ይቀበልለታል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሜኑ ይመጣል። ወፍራም ነው፣ በቆዳ የተለበደ። ክለብ ሳንድዊች፣ ላዛኛ፣ ቺክን ኮርደን ብሉ፣ አምስት ዓይነት ፒዛ ተደርድሮበታል። እንግዳው ግን ሐይቅ እያየ ስለሆነ አሳ ያምረዋል።

«አሳ ጉላሽ አለ?»

«አለ።»

አስተናጋጁ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። «ይቅርታ ጋሼ፣ አሳ አልቋል።»

«ኮተሌቱስ?»

«እሱም አሳ ነው።»

«እሺ፣ ምን አለ ታዲያ?»

«ቆዩ፣ ጠይቄ ልምጣ።»

ይህ ሁሉ የሚባለው ጫሞን ቁልቁል እያዩ ነው። ጫሞ የናይል ፐርች ሐይቅ ነው፤ እስከ 200 ኪሎ ሊመዝን የሚችል የአሳ ዝርያ ማለት ነው። እንዲህ ያለው አሳ በምሳ ሰዓት «አለቀ» ሲባል፣ ማን ጨረሰው ብሎ መጠየቅ ያምራል፤ በረንዳው ላይ ካለው እንግዳ አንዱም አሳ ሲበላ አልታየማ! ሙዙም ያው ነው። የላንቴና የአካባቢው ሙዝ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ሌሊቱን ተጉዞ አዲስ አበባ መርካቶ ይገባል። ገደሉን ወጥቶ በረንዳው ላይ መድረስ ግን አቅቶታል። ጁስ የጠየቀ ሰው «ማንጎ አለ፣ የካርቶን ነው» ይባላል፤ ማንጎ በሚያመርት ወረዳ መካከል ተቀምጦ። ከላይ የጨንቻ ፖም አለ፣ ከታች ሐይቁ። ሎጁ በሁለቱ መካከል ሆኖ ከሁለቱም ገለልተኛ አቋም ይዟል።

በረንዳው ላይ ፈጣን መስተንግዶ የሚያገኙት ጦጣዎች ብቻ ናቸው። ሜኑ አይጠይቁም፣ አስተናጋጅ አይጠሩም፤ ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ባረፈ በሁለተኛው ሰኮንድ ጣራ ላይ ናቸው። የረጅም ጊዜ ደንበኛ ስለሆኑ የቤቱን አሠራር አውቀውታል።

አዲስ አበባ ላይ የእቴጌ ሆቴል ሲከፈት፣ ሲነገር እንደኖረው፣ ሰዉ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ሆኖበት ከደጁ ራቀ። አፄ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ገቡና በልተው፣ ሒሳቡን ከፍለው አሳዩ። ሕዝቡም በልቶ መክፈልን ቀስ በቀስ ለመደ። የገደል አፋፍ ሎጆች ይህን ሥልጣኔ አንድ እርምጃ ወደፊት ወስደውታል፤ ሳይበሉ መክፈልን አስተዋውቀዋል።

መክፈሉ ላይ ደግሞ ፍጥነት አለ። ምሳውን ሁለት ሰዓት ያስጠበቀው ቤት ሒሳቡን በሁለት ደቂቃ ያመጣል። ሜኑው ላይ 1,000 ብር የተባለው፣ አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 1,265 ብር ሆኖ ይቀርባል። ታክሱስ የመንግሥት ነው፣ ይሁን። «አገልግሎት» የተባለው አሥር በመቶ ግን የትኛው እንደሆነ ቢጠየቅ ደግ ነበር፤ «ቆዩ፣ ጠይቄ ልምጣ» የሚለው ይሆን? በቴሌብር ልክፈል ለሚል ኔትወርክ የለም። በካርድ ልክፈል ለሚል ማሽኑ ተበላሽቷል። ጥሬ ገንዘብ ላወጣ መልስ የለም።

አስተናጋጁ ላይ መቆጣት ይቀላል። ልጁ ግን ከከተማው ሰፈሮች፣ ወይ ከሲቀላ ወይ ከሴቻ፣ የመጣ ወጣት ነው፤ ሜኑው ላይ ከተጻፉት ምግቦች ግማሹን ቀምሶም አይቶም አያውቅ ይሆናል። ያ አሥር በመቶ ስንቱ ብር እጁ እንደሚገባ ባለቤቱና እሱ ያውቃሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎ ነበር። የደመወዝ ወለሉ ግን እንደ ሎጁ ጉላሽ ታዞ፣ ለዓመታት ሳይመጣ ቆይቷል።

የሚገርመው እንግዳን ማስተናገድም ሆነ የተቆጣን ማብረድ በዚህ አገር ብርቅ አለመሆኑ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች ርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው፣ ለበቀል የተቆጣ ወጣት እንዲመለስ ያደረጉት እዚሁ አርባ ምንጭ ላይ ነው። ሎጅ ውስጥ የተቆጣ እንግዳ እንዲህ ያለ ክብር አይጠብቅ። ማናጀሩ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ሎጆቹ ከባህሉ የወሰዱት ቤቱን ነው። ዶርዜዎች በቀርከሃ ሸምነው የሚያቆሙት፣ ፊቱ የዝሆን ፊት የመሰለ ረጅም ቤት አለ፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ዝቅ እያለ አሥርት ዓመታት ያገለግላል። ባለሎጆች ቅርጹን ኮርጀው በሲሚንቶ ሠሩት፣ ምስጥ እንዳይደፍረው። ውስጡ የሚሠራውን ግን አልኮረጁም። በጨንቻው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ እውነተኛው የዶርዜ ቤት የገባ ሰው እንሰት ሲፋቅ ያያል፤ የተብላላው ሊጥ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ሲጋገር ይሸተዋል። ቆጮው ጣት እያቃጠለ በዳጣና በማር ይቀርብለታል፣ አረቄ ይቀዳለታል፣ «ዮ ዮ ዮ» ተብሎ ይጠጣል። ሜኑ የለም፤ ያለው ይቀርባል፣ የቀረበው ይበላል።

ቁልቁል ሲቀላ ከተወረደም ያው ነው። አሳ ቤቶቹ ዕይታ የላቸውም፤ ፊት ለፊት የሚታየው የቆመ ባጃጅና ጎማ የሚለጥፍ ልጅ ነው። ቆሮሶ የተባለው አሳ ግን ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ጠርዙ ድርቅ እስኪል ተጠብሶ፣ ከነጭንቅላቱ ይመጣል። ከአጠገቡ ዳጣ፣ ግማሽ ሎሚና ዳቦ አለ። የታጠበ እጅ ሳይደርቅ ይደርሳል። ምናልባት ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው፦ አሳ ቤቱ የሚያሳየው ሌላ ነገር ስለሌለው አሳውን ለማቅረብ ተገደደ።

እንግሊዞች ለእንዲህ ያለ ቤት ሳቅ አበጅተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው «ፎልቲ ታወርስ» የተሰኘ ኮሜዲ፣ ጆን ክሊዝ በቶርኪ ከተማ ካረፈበት ሆቴል ባለቤት ጠባይ የተነሣ ነው። በ12 ክፍል አለቀ። አርባ ምንጭ ላይ ቢሠራ 12ቱ ክፍል የምሳ ትዕዛዙን ብቻ ተከትሎ ያልቅ ነበር።

የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የአዲስ አበባ ሆቴሎችን በኮከብ ሲመድብ፣ ብዙ ባለቤቶች ተቀይመው ነበር። ለገደል ሎጆች ቅያሜ የሌለበት ዘዴ አለ፤ ዕይታውን ለብቻው መሸጥ። ደረሰኙ ላይ «ሁለት ሐይቅ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ፓርክ» ተብሎ በዝርዝር ይጻፍ፣ ከሥሩ «ምግብ፦ ካለ» ይባል። ጀንበር ስትጠልቅ ዋጋው ከፍ ይበል፣ የጦጣው ትርኢት በነፃ ይሁን። እንግዳውም አውቆ፣ ስንቁን ከሲቀላ ቋጥሮ ይወጣል። የቀረው አንድ ጥያቄ፣ ጭጋግ ወርዶ ሐይቆቹ በማይታዩበት ዕለት ቅናሽ ይኖራል ወይ የሚል ነው። አስተናጋጁ ይህን ተጠይቆ «ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ሄዷል።