እሹት፣ ይለቀዋል

መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ብርዱ ባናውን ዘልቆ አጥንት ስለሚነካ፣ መንዝ ውስጥ ታሽቶ የማያውቅ ጉልበት ብርቅ ነው። ሕመሙ ምንም ይሁን ምን ቅቤ ሞቅ ይደረግና «እሹት፣ ይለቀዋል» ይባላል።

የማሳጅ ተማሪ ከሚፈተንባቸው ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነው፦ የደንበኛው አንድ ባት ብቻ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ያመዋል፤ ምን ይደረግ? መልሱ «አትንካው፣ ሐኪም ዘንድ ላከው» ነው። የረጋ ደም ከሆነ እሽታው ነቅሎ ሳንባ ላይ ሊወትፈው ይችላል። ትኩሳት ወይም አዲስ ስብራት ሲኖርም መልሱ ያው ነው። ይኼንኑ ባት ለጥየቃ የመጣ ጎረቤት ሲያየው ግን «ነርቭ ነው» ይልና እጅጌውን ይሰበስባል። የጤና ኤክስቴንሽኗ «ኧረ ተው!» ብትል «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ትባላለች።

አዲስ አበቤውም አይስቅ። ማሳጅ ቤት ገብቶ ቅጽ ሲሰጡት «ደም ግፊት? ቀዶ ሕክምና?» የሚለውን ሳያነብ «የለም፣ የለም» እያለ ይሞላል። በሆዱ ተኝቶ ጀርባው ግማሽ ከታሸ በኋላ ነው «ቀስ በይ እህቴ፣ ባለፈው ወር ነው ኦፕራሲዮን የሆንኩት» የሚለው።

ወለምታ ላይ የወጌሻ እጅ ስንቱን አቁሟል፤ አልክድም። ጉዱ ያለው የልጅ እጅ ስብራት ታሽቶ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነው። ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ «ወንድ አይደለህ?» ይሉታል። ጣቶቹ ያብጣሉ፤ «እየሠራ ነው» ይባላል። ከዚያ እጁ ይቀዘቅዝና ይደነዝዛል፤ ልጁም ዝም ይላል። ቤተሰቡ እልል የሚለው ይኼኔ ነው፦ «እሰይ፣ ሕመሙ ተወው!» ሕመሙስ ተወው፤ ደሙም አብሮ ትቶታል። ጡንቻ ደም ካጣ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ጣቱ ጠቁሮ ደብረ ብርሃን ሲደርስ፣ ለሐኪሙ የሚቀረው ጥያቄ ከየት ላይ ይቆረጥ የሚለው ይሆናል።

ቤታችሁ እጁ የታሰረ ልጅ ካለ ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። የነጣው በሁለት ሰከንድ ገደማ ካልቀላ፣ ወይም ከሌላው እጁ ከዘገየ፣ ማሰሪያውን አላሉና ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ወጌሻው ይቆጡ።